ራሳችሁ በምትሠሩት አውሮፕላን ላይ የሞተር አየር ፊልትሮ መግጠም፦ ከሒሳቡ እስከ ፍተሻው

ጥሩ ፊልትሮ ገጥመው ሞተራቸው በአቧራ የሚበላባቸው ሠሪዎች ብዙ ናቸው። ፊልትሮው ምንም አልሆነም። ችግሩ ዙሪያው ላይ ነው፦ ጠርዙ ላይ በደንብ ያልተጨመቀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ የፊልትሮ ሳጥን፣ የላላ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ። አየር ቀጭን ክፍተት ካገኘ አቧራውን እንደያዘ በዚያ በኩል ይገባል።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ። ሁሉንም ነገር ጥሩ አድርገው ያሽጉና፣ ፊልትሮው ቢዘጋ ሞተሩ የሚተነፍስበት ሌላ መንገድ አይተዉለትም። የመጀመሪያው ስህተት ቀስ በቀስ ሞተር ይጨርሳል። ሁለተኛው አየር ላይ እያላችሁ ሞተር ያጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁለቱንም ለመከላከል ናቸው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። የሞተራችሁ አምራች የተለየ መመሪያ ከሰጠ ደግሞ የእሱን ተከተሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማግኔቶውን (ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ዝጉ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ካንዴላ አውጡ። ማግኔቶው ተዘግቷል ብላችሁ ፕሮፔለሩን አትመኑት። የማግኔቶው የማጥፊያ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተቆርጦ ከሆነ በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሜትርና ካሊፐር
- ኃይለኛ የእጅ ባትሪ
- ግሪስና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- ውስጡ 6 ሚሊሜትር የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከሞተሩ እስከ መቀመጫችሁ ደርሶ የሚመለስ
- የብሎን ማሰሪያ ሽቦ
- የአየር መግቢያውን አፍ የምትደፍኑበት ትልቅ ጨርቅ፣ ረጅም ቀይ ሪባን የታሰረበት

ማስጠንቀቂያ፦ የካርቡሬተሩ ወይም የኢንጄክሽኑ አፍ ክፍት ሆኖ አንዲት ብሎን እንኳ አትፍቱ። አፉን ደፍኑ፣ ሪባኑም ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታይ። ትንሽ ጨርቅ አትጠቀሙ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይረሳል።

## ደረጃ 1፦ መጠኑን አስሉ

በዓይን ገምቶ መግዛት የብዙ ችግር መነሻ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሙሉ ይዘቱን ያህል አየር ይስባል። ላይኮሚንግ ኦ-320 የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር እንውሰድ። ይዘቱ 5.24 ሊትር ነው። በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር በሒሳብ 7,000 ሊትር ገደማ ይስባል። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ በተግባር 6,000 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ሁሉ በየደቂቃው በፊልትሮው በኩል ያልፋል።

በዘይት ለሚነከር የጥጥ ፊልትሮ ዝቅተኛው ስፋት በዚህ ይገኛል፦

የሞተሩ ይዘት በሊትር × ከፍተኛው ዙር በደቂቃ ÷ 53 = የፊልትሮው ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር

- ኦ-320 (5.24 ሊትር፣ 2,700 ዙር)፦ 267 ካሬ ሴንቲሜትር
- ኦ-360 (5.92 ሊትር፣ 2,700 ዙር)፦ 302 ካሬ ሴንቲሜትር
- ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ (1.352 ሊትር፣ 5,800 ዙር)፦ 148 ካሬ ሴንቲሜትር

የምትለኩት ከውጭ የሚታየውን ገጽ ነው። እጥፋቱን ዘርግታችሁ አትለኩ። ፊልትሮው ክብ ከሆነ ዙሪያውን በቁመቱ አባዙ፤ ከቁመቱ ላይ ግን ለላይኛውና ለታችኛው ጎማ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ቀንሱ።

ይህ ልክ ፊልትሮው ንጹሕ ሲሆን ነው። ከአፈር ሜዳ የምትነሱ ከሆነ በአንድ ተኩል አባዙት፤ ቦታ ካለ እጥፍ አድርጉት። ሰፊ ፊልትሮ ቆሻሻ እየያዘም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አየር ያሳልፋል። ጉዳቱ ትንሽ ክብደት ብቻ ነው።

## ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ምረጡ

የስፖንጅ ፊልትሮ፦ ርካሽና ቀላል ነው፣ የሚይዘውም በተነከረበት ዘይት ነው። ሲያረጅ ግን ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ ከኋላው ጠንካራ የሽቦ መረብ የሌለው ስፖንጅ አትግጠሙ። በአምራቹ ቀን ቀይሩት። ቀኑ ሳይደርስ ግማሹ በቆሻሻ ከተሸፈነም አትጠብቁ።

የጥጥ ፊልትሮ፦ ይታጠባል፣ በዘይት ይነከራል፣ ደግሞ ይሠራል። ለአብዛኛው ሠሪ የምመክረው ይህን ነው። በሥርዓት ካልነከራችሁት ግን ጥሩ አያጣራም።

የወረቀት ፊልትሮ፦ ደቃቅ አቧራ በደንብ ይይዛል። ጠላቱ ውሃ ነው። በዝናብ ከራሰ አየር ማሳለፍ ያቆማል። ከመረጣችሁት ዝናብ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት።

## ደረጃ 3፦ ቦታውን ወስኑ

ፊልትሮው ከጭስ ማውጫ ቱቦዎች ይራቅ። ሞተሩ የሚስበው አየር በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሞቀ ቁጥር 1 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። አየሩን ከኮፈኑ ውጭ ውሰዱ፤ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ያለፈ ትኩስ አየር አትጠቀሙ።

የአየር መግቢያው ለመሬት የቀረበ አይሁን። ፕሮፔለሩ ከታች የሚያነሳው አሸዋ በብዛት የሚመታው የኮፈኑን የታችኛውን ክፍል ነው። ዲዛይናችሁ ከታች ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የደረጃ 1ን ስፋት እጥፍ አድርጉ።

ፊልትሮውን የካርቡሬተሩ አፍ ላይ አትለጥፉት። በጣም ከቀረበ አየሩ የሚያልፈው በመሃሉ ብቻ ይሆናል፣ የቀረው ስፋት ሥራ ይፈታል። በመካከላቸው ቢያንስ የአፉን ስፋት ያህል ርቀት ተዉ።

## ደረጃ 4፦ ሳጥኑን ሥሩ

ሳጥኑ ሙቀት፣ ንዝረትና ቤንዚን ይችላል? በቤት ሙቀት ብቻ የደረቀ ተራ ኢፖክሲ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ፋይበርግላስ ከሆነ ሙቀት የሚችል ሬዚን (እንደ ኢፖክሲ ያለ ማጣበቂያ) ተጠቀሙ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረትም በሙቀት አድርቁት። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ቁራጭ ሠርታችሁ ለሳምንት ነዳጅ ውስጥ ዘፍዝፉትና በጥፍራችሁ ጫኑት። ከለሰለሰ ሬዚኑን ቀይሩ።

በላሜራ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሹል ማዕዘን አትተዉ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መታጠፊያዎቹን ክብ አድርጉ፣ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ አለስልሱ።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቱት ነገር እንምጣ። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተሰቀለ ሲነሳና ሲጠፋ ይወዛወዛል። ኮፈኑ ግን አይንቀሳቀስም። ሳጥኑን ከሁለቱም ጋር በብሎን ካሰራችሁት አንዱ ይሰነጠቃል። ወይ ከሞተሩ ጋር ብቻ እሰሩት፣ ወይ ከእሳት መከላከያው ግድግዳ ጋር ብቻ። የቀረውን በሚታጠፍ ጎማ አገናኙት።

ካርቡሬተሩ ከሞተሩ በታች ከሆነ፣ ከመጠን በላይ የተሰጠ የማስነሻ ነዳጅ ወደ ሳጥኑ ይፈሳል። በዝቅተኛው ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የማፍሰሻ ቀዳዳ ብሱ። የሚፈሰው ነዳጅ የጭስ ማውጫ ላይ እንዳያርፍ ቱቦ ቀጥሉለት። ፊልትሮውም ነዳጅ በሚንጠባጠብበት ቦታ አይቀመጥ። በነዳጅ የራሰ ስፖንጅ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስ ይቀጣጠላል።

## ደረጃ 5፦ ጠርዙን አሽጉ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። የፊልትሮው ጎማ ዙሪያውን እኩል መጨመቅ አለበት፣ ይህ ደግሞ በማየት አይታወቅም። እንዲህ ፈትሹት፦

1. የሳጥኑን ከንፈር ጥረጉና በጣም ስስ ግሪስ ቀቡ።
2. ፊልትሮውን አስገቡ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ሁሉንም ብሎኖች እንደ መጨረሻው ገጠማ አጥብቁ።
3. ክፈቱና ጎማውን ገልብጡት።
4. በጎማው ዙሪያ የግሪስ ቀለበት ታያላችሁ። በእጅ ባትሪ ጥግ ጥጉን ተከታተሉት።

ቀለበቱ ሳይቋረጥ ከዞረ ጨርሳችኋል። ከሳሳ ወይም ከተቋረጠ አቧራው በዚያ ነው የሚገባው። ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው በሁለት ብሎኖች መሃል ነው፤ ክዳኑ እዚያ ጋ ወደ ውጭ ይቀስታል።

ከተቋረጠ፦ ክፍተቱን በሲሊኮን አትሙሉት። ከንፈሩ ካልተስተካከለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የአሸዋ ወረቀት ዘርግታችሁ አስተካክሉት። ክዳኑ ከቀሰተ ጠርዙን በአሉሚኒየም ዘንግ አጠንክሩት ወይም ብሎን ጨምሩ። ከዚያ ፈተናውን ከመጀመሪያው ድገሙ።

ሲሊኮንን የምከለክለው በምክንያት ነው። ቤንዚን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ተቦጭቆ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። በተጨማሪ የሞተር ዘይት ስታስመረምሩ የሲሊኮን መጠን ከፍ ብሎ ይወጣል። አቧራም ውስጥ ሲሊኮን የተባለው ንጥረ ነገር ስላለ፣ ያ ቁጥር አቧራ መግባቱን የምታውቁበት ዋና ምልክት ነው። ምልክቱን ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

## ደረጃ 6፦ ሁለተኛ የአየር መንገድ ስጡት

በረዶ፣ ከባድ ዝናብ፣ ሣር ወይም የነፍሳት መንጋ ፊልትሮውን በደቂቃዎች ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ፊልትሮው የሞተሩ ብቸኛ የአየር መንገድ ሆኖ አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሳ።

ካርቡሬተር ካላችሁ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር የሚያስገባው የካርቡሬተር ማሞቂያ ይህን ሥራ ይሠራል። ዋና ሥራው ግን ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚሠራውን በረዶ መከላከል ነው። ነዳጁ ሲተን በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት በ30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። በረዶ በብዛት የሚሠራው ከ21 ዲግሪ በታችና እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ውጭው 38 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ሆኖም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሞቃት አካባቢ ነው የምበረው ብላችሁ ማሞቂያውን አትተዉት።

የማሞቂያው አየር አብዛኛውን ጊዜ ሳይጣራ ነው የሚገባው። አቧራ ላይ ቆማችሁ አትክፈቱት፤ ፍተሻውን ንጹሕ ቦታ ላይ በአጭሩ ጨርሱ። ሲዘጋም በትክክል መዝጋቱን እዩ። የማሞቂያው በር 1 ሚሊሜትር እንኳ ከተከፈተ ያልተጣራ ትኩስ አየር በረራውን ሙሉ ይገባል።

ኢንጄክሽን ካላችሁ የአማራጭ አየር በር ሥሩ። በሩ ከፊልትሮው በኋላ ይሁን። አየሩን ከኮፈኑ ውስጥ፣ በረዶና ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ ይውሰድ። ከመቀመጫችሁ በገመድ የሚከፈት መሆን አለበት። በሞተሩ ስበት (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል) በራሱ የሚከፈት ካደረጋችሁትም ገመዱ አይቅር።

በሩን እኔ የምመርጠው ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ማጠፊያው በንዝረት ከተሰበረ ተስቦ አፉ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ሪቬቱ ወደ ሞተሩ ይገባል። በስበት የሚከፈት በር ግን የግድ ወደ ውስጥ ነው። እንዲያ ከሆነ በአፉ በኩል በማያልፍ መጠን ሥሩት፣ ተሰብሮም አፉን እንዳይደፍን ከፊቱ ማገጃ አድርጉ። በሩን ዘግቶ የሚይዘውን ማግኔት ወይም ሞላ ደግሞ ንጹሕ ፊልትሮ ከሚፈጥረው ስበት ቢያንስ እጥፍ ላይ እንዲከፈት አስተካክሉት።

ለሮታክስ 912 ሠሪዎች፦ የካርቡሬተሮቹ የነዳጅ ጎድጓዳ መተንፈሻ ቱቦዎች የሚያዩት ግፊት ካርቡሬተሮቹ ከሚያዩት ጋር መመሳሰል አለበት። የአየር ሳጥን ካላችሁ በሮታክስ መመሪያ መሠረት ከሳጥኑ ጋር አገናኟቸው። ንፋስ ላይ አንጠልጥላችሁ ከተዋችኋቸው ፍጥነት በተቀየረ ቁጥር የነዳጅና የአየሩ ቅልቅል ይቀየራል። ከካርቡሬተሮቹ ሥር ያሉትን የነዳጅ መቀበያ ሳህኖችም አትተዉ፤ ከታች ያለው የጭስ ማውጫ ነው።

## ደረጃ 7፦ ቱቦዎችና ብሎኖች

ከፊልትሮው በኋላ ያለ እያንዳንዱ ብሎን፣ ዳዶና ሪቬት ቢላላ የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳዶዎቹ ከውጭ በኩል ይሁኑ። የብሎን ጭንቅላት ወደ ውስጥ ከሆነ በማሰሪያ ሽቦ ቆልፉት።

ከፊልትሮው በኋላ ለስበት ያልተሠራ ቱቦ አትጠቀሙ። ባለ ሁለት ሽፋን ቱቦ ሲያረጅ ወይም ዘይት ሲነካው የውስጡ ሽፋን ይላቀቅና ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ውስጥ ግን መንገዱ ተዘግቷል። በየፍተሻው አንዱን ጫፍ ፈትታችሁ በባትሪ ተመልከቱ።

## ደረጃ 8፦ መሬት ላይ ፈትሹ

የብርሃን ፈተና። በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከሳጥኑ ውስጥ አብሩ። ብርሃን ከፊልትሮውና ከማፍሰሻው ቀዳዳ ሌላ በየትም መውጣት የለበትም።

የውሃ ቱቦ ፈተና። ግልጹን ቱቦ ሁለት ክንድ አድርጋችሁ ሰሌዳ ላይ እሰሩ፤ እያንዳንዱ ክንድ 60 ሴንቲሜትር ይሁን። እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉ። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በፊት፣ ሌላውን ከፊልትሮው በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ብሳችሁ አገናኙ። ሰሌዳውን መቀመጫችሁ አጠገብ አድርጉ። አውሮፕላኑን እሰሩ፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ኮፈኑን ዝጉ። ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን አይቁም። ከዚያ ስሮትሉን ለአጭር ጊዜ ሙሉ ክፈቱና በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለውን ልዩነት አንብቡ።

በባሕር ወለል ከፍታ 10 ሴንቲሜትር የውሃ ልዩነት ማለት 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ማጣት ማለት ነው። እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ይህ ነው፦ ለአዲስ ፊልትሮ እስከ 10 ጥሩ ነው። ከ10 እስከ 20 ከሆነ ፊልትሮው ጠቧል ወይም በዘይት ተዘፍቋል። ከ20 በላይ ከሆነ ምክንያቱ ሳይገኝ አትብረሩ። ቁጥሩን ጻፉት፤ ወደፊት ፊልትሮው ምን ያህል እንደቆሸሸ የምታውቁት ከዚህ ጋር አነጻጽራችሁ ነው።

ስትጨርሱ ለፈተናው የበሳችሁትን ቀዳዳ በጥብቅ ዝጉ። ከፊልትሮው በኋላ ያለ ክፍት ቀዳዳ ያልተጣራ አየር መግቢያ ነው።

የማሞቂያ ፈተና። ለመነሻ ፍተሻ በምትጠቀሙበት ዙር ላይ ማሞቂያውን ክፈቱ። ዙሩ በግልጽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ወይ ትኩስ አየር እየደረሰ አይደለም፣ ወይ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የግሪስ ፈተና። ከፊልትሮው በኋላ ባለው የሳጥን ግድግዳ ላይ ጣት የምታህል ቦታ ስስ ግሪስ ቀቡ። በጣም ስስ ይሁን፤ ተቦጭቆ የሚሄድ መሆን የለበትም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት በረራዎች በኋላ በነጭ ጨርቅ ጥረጉትና በጣቶቻችሁ መካከል አሹት። የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ አሸዋ እየገባ ነው። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

## ደረጃ 9፦ የጥጥ ፊልትሮ እጥበት

1. የሳጥኑን ውጭ መጀመሪያ ጥረጉ፤ ፊልትሮውን ስታወጡ አፈር ወደ ንጹሑ በኩል እንዳይወድቅ።
2. አፉን በሪባን በታሰረው ጨርቅ ድፈኑ።
3. በአምራቹ ማጽጃ ንከሩት። ቤንዚን አትጠቀሙ።
4. ኃይል በሌለው ውሃ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን አሳልፉ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።
5. ጥላ ላይ አድርቁ። የኮምፕሬሰር አየር ጥጡን ይቀድዳል፤ የሙቀት ማሽንም ያኮማትረዋል።
6. ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ዘይቱን በየእጥፋቱ ጫፍ በስሱ አፍስሱ። 20 ደቂቃ ቆዩና ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ብቻ ጨምሩ።
7. ጎማውን እዩ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም መጨመቅ ካቆመ ጥጡ አዲስ ቢመስልም ፊልትሮውን ጣሉት።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

በረራ ላይ የማኒፎልድ ግፊት (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት) ወይም ዙር ቀስ በቀስ ከወረደ፦ መጀመሪያ የካርቡሬተር ማሞቂያውን ወይም አማራጭ አየሩን ሙሉ ክፈቱ፤ ምክንያቱን በኋላ ፈልጉ። በረዶ ከሆነ ሲቀልጥ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ሊንገጫገጭ ይችላል። ደንግጣችሁ መልሳችሁ አትዝጉት። ካገገመ በዚያው አድርጋችሁ በቅርብ ወዳለው ሜዳ ሂዱ።

ሲነሳ ሳጥኑ ውስጥ እሳት ከተያያዘ፦ ማስነሻውን አትልቀቁ፤ ሞተሩ መዞሩን ይቀጥል፣ እሳቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከተነሳ ለጥቂት ጊዜ አሠሩትና አጥፉት። ካልተነሳ ነዳጁን ዝጉ፣ ስሮትሉን ክፈቱ፣ ማዞሩን ቀጥሉ። እሳቱ ካልጠፋ ሁሉንም ዘግታችሁ ውጡና ማጥፊያ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ያ ፊልትሮ ደህና ቢመስልም መልሳችሁ አትግጠሙት።

ከእጥበት በኋላ ጉልበት ከቀነሰ፦ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ በዝቷል ወይም ፊልትሮው አልደረቀም። እንደገና አጥባችሁ ንከሩት። የውሃ ቱቦውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ።

ሳጥኑ ከተሰነጠቀ፦ የስንጥቁን ጫፍ ብሳችሁ እንዳይረዝም ለጊዜው ማቆም አይበቃም፤ ከፊልትሮው በኋላ ከሆነ ያልተጣራ አየር እየገባ ነው። ጠግኑት፣ ከዚያም ሳጥኑ ከሞተሩና ከኮፈኑ ጋር በአንድ ጊዜ ታስሮ እንደሆነ ፈትሹ። እንደታሰረ ከተዋችሁት ጥገናው እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

በዘይት ምርመራ ሲሊኮን ከፍ ካለ፦ ብረትና አሉሚኒየምም አብረው ከፍ ካሉ አቧራው የፒስተን ፋሻዎቹንና ሲሊንደሮቹን መብላት ጀምሯል። እስክትፈትሹት አትብረሩ። በቅርቡ ሞተሩ ላይ የሲሊኮን ማሸጊያ ተጠቅማችሁ ከሆነና ሌሎቹ ብረቶች ካልጨመሩ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የግሪሱን ቀለበትና የብርሃኑን ፈተና ድገሙ፣ የማሞቂያውን በር እዩ፣ የቱቦዎቹን ፋሸታዎች አንድ በአንድ አጥብቁ። ከዚያ ቀጣዩን ናሙና ከወትሮው ቀደም አድርጋችሁ ላኩ።